ጾመኛዋ አበባ

ሰው አረብ አገር ሄዶ የሚጠብቀው ነገር ይታወቃል። አንዷ ሕፃን ትጠብቃለች፣ አንዷ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ትጠብቃለች፣ ያልታደለችው ደግሞ ትልቅ ፎቅ ከነደረጃው ትወለውላለች። እኔ አበባ ጠበቅሁ። ሳቁ፣ ግዴለም። እኔም የነገሩኝ ዕለት ስቄ ነበር። ኋላ ግን ያቺ አበባ እንቅልፌን፣ ልቤን፣ ስጠብቀው የከረምኩትን የአገር ቤት ፈቃዴን ሁሉ ይዛ ቁጭ አለች።

መቼም የገበሬ ልጅ ነኝና እጄ አፈር ያውቃል እያልኩ እኩራራለሁ። ግን ወሎ፣ እኛ ቤት፣ የሚተከል ነገር ወይ ይበላል፣ ወይ ይታኘካል፣ ወይ ይታጠርበታል። ዝም ብሎ ቆሞ ለሚታይ ነገር ቦታም ትዕግሥትም የለንም። እናቴማ ዓይን የሚስብ ነገር ደጃፍ ላይ መትከል መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ምሳ እንዲበላ መጥራት ነው ትላለች። ስለዚህ አበባ ማሳደግ ላይ ያለኝ ልምድ ምን ያህል እንደሆነ ከአሁኑ ይግባችሁ።

የምሠራው ጅዳ ነው። ማዳም አስተማሪ ናት፤ ስትስቅ የምታምር፣ ስትቆጣ ግን ግድግዳውም የሚሰማት ሴት። የባሏን እናት ቤተሰቡ በሙሉ ማማ ከቢራ ይላቸዋል፣ ትልቋ እማማ እንደማለት ነው። እሳቸው የሚኖሩት መካ፣ ዛሂር ሰፈር ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል ከጧኢፍ ተራራ ሲመለሱ ቤታቸውን አልፈው እኛ ጋ መጡ። ሹፌሩን መንገዱን ሙሉ «ቀስ በል» እያሉ፣ ጭናቸው ላይ አንድ ሸክላ አቅፈው።

ሸክላው ውስጥ ያለችው ቀይ ናት፣ ድፍን ቀይ። አንዱ አበባ ብቻውን ጥቅል ጎመን ያክላል፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ብዙ ትናንሽ አበቦች ተቃቅፈው የቆሙበት ነው። ስሟ ሃይድራንጃ ነው አሉ። እኔ ሙሽሪት አልኳት፣ ቀይ ለብሳ አንገቷን ደፍታ ስለነበር።

«ጠዋት ፀሐይ ትፈልጋለች፣ ከረፋድ በኋላ ጥላ» አሉ ማማ ከቢራ ለማዳም። «ውኃ ትወዳለች፣ ግን አታጥለቅልቋት። ለዒድ መጥቼ አያታለሁ።»

ማዳም ፈገግ ብላ ተቀበለች። እኛም አገር ምራት በአማቷ ትፈተናለች፣ በወጥ ነው እንጂ በአበባ አይደለም። ሴትዮዋ ከበር እንደወጡ ማዳም ፈገግታውን አጠፋችና ሸክላውን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

እዚህ ላይ ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ሐሊማ፣ ታናሼ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ፣ ከዒድ በኋላ ልታገባ ነው። እኔ ካልመጣሁ አልዳርም ብላ ሰርጉን ደጋግማ አስተላልፋዋለች። «ሲያጨኝ ጢም አልነበረውም፣ አሁን ሊሸብት ነው» እያለች በስልክ ታለቅስብኛለች። ማዳም ደግሞ ኢጃዛ፣ ማለትም የእረፍት ፈቃድ፣ ቃል ገብታልኝ ነበር። አሁን አበባዋን ከሰጠችኝ በኋላ ቃሉ ላይ ጭራ ቀጠለችበት።

«አማቴ ለዒድ በሕይወት ካገኘቻት ትሄጃለሽ። ከሞተች ግን ኻላስ።»

አረብ አገር ኖሮ ኻላስ የምትለዋን ቃል የማያውቅ የለም። አለቀ፣ ደቀቀ ማለት ነው።

በግቢው ጥግ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ጠዋት ፀሐይ በበሩ በኩል ገብታ ሥሩን ትነካለች፣ ከረፋድ በኋላ ዛፉ ራሱ ያጠላል። ሙሽሪትን እዚያ ተከልኳት፤ እንደ ልቤ ቦታ ያገኘሁላት መሰለኝ። የመጀመሪያው የረመዳን ቀን ግን ቀትር ላይ ብወጣ ቅጠሏ ሁሉ ተንጠልጥሎ፣ አበባዋ ደረቷ ላይ ተደፍቶ አገኘኋት። ውኃ ደፋሁባት፣ አልተነሣችም። እንደገና ደፋሁባት፣ አሁንም አልተነሣችም። ኩሽና ተመልሼ ሳምቡሳ እየጠቀለልኩ ለሐሊማ የምነግራትን ቃል በልቤ ሳዘጋጅ ዋልኩ። መግሪብ፣ የጀምበር መጥለቂያው ሶላት፣ ሊደርስ ሲል ለመሰናበት ያህል ብወጣ፣ ሴትዮዋ ተነሥታለች። ቅጠሏን ዘርግታ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ምንም ያልሆነች መስላ ቆማለች። በማግስቱም እንደዚያው አደረገች፣ በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው።

ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ልፈልግ? ቀትር ላይ የሚዝለፈለፍ፣ አፍጥር ሲደርስ ነፍስ የሚዘራ ፍጥረት እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት ነው፣ እሱም እኔ ራሴ ነኝ። አበባዋ ትጾማለች።

ጾመኛ ላይ በቀን ውኃ መድፋት ደግሞ ግፍ ነው። እስካሁን ስላደረግሁት አስተግፊሩላህ፣ ጌታዬ ማረኝ፣ ብዬ ሥርዓት አወጣሁላት። ሌሊት ለሱሑር መብል ስነሣ አንድ ባልዲ፣ ለአፍጥር ሌላ ባልዲ። እኔ በአፍጥር የምጠጣው ውኃ ብዙ ስለሆነ ለእሷም አልሰሰትኩም። ቴምር ብቻ ነው ያልሰጠኋት።

ይህን ግኝቴን የነገርኩት ለትዕግሥት ነው። ትዕግሥት አጥር የምንጋራው ቤት የምትሠራ የጎጃም ልጅ ናት፤ የምንገናኘው ጣራ ላይ ልብስ ስናሰጣ ነው። የዚያን ዓመት የእነሱ ዐቢይ ጾምና የእኛ ረመዳን ተገጣጥመው ነበርና ሁለታችንም ሆዳችን ጀርባችን ጋ ተጣብቋል።

«አበባዬ ትጾማለች» አልኳት።

የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «ሥጋ ትበላለች?»

«አንቺ ደግሞ።»

«ወተትስ? እንቁላልስ?»

«ኧረ አትቀምስም።»

«እንግዲያው የእኛ ናት» አለችኝ ኮስተር ብላ። «እንዲያውም ከእኔ ትበልጣለች። እኔ ትናንት ሻይ በወተት ሲሰጡኝ ረስቼ ጠጥቼዋለሁ።»

«በሱሑርና በአፍጥር ብቻ ነው እኮ የምትጠጣው።»

«አንቺ ስለከለከልሻት ነዋ። እስቲ በቀን ስጫት፣ እንቢ ትል እንደሆነ።»

የሰጣነው ልብስ እስኪደርቅ ተከራከርን። ነገሩ ሳይለይለት ማዳሞቻችን ጠሩንና ተበተንን።

እንዲህ እየሆነ ሳለ ኒሙ ከዳኝ። ይህ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ለማንም ሳያስፈልግ ጥላውን ሲያባክን ይኖርና፣ ልክ ሙሽሪት ሥሩ ስትገባ ቅጠሉን ያረግፍ ጀመር። ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት ግቢው ተመልሶ ይሞላል። ረፋድ ላይ ቀና ብዬ ሳይ በቅርንጫፉ መሃል ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል። ጥላ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ጥቁር ዓባያዬን አለበስኳት፤ ከሥሩ እጄን ብሰድ ምድጃ ሆኗል። ገፍፌ ነጩን የሶላት ልብሴን አመጣሁ። የመጥረጊያ እንጨት ተከልኩ፣ የፊት መውጫውን ከላይ አስገብቼ እስከ ታች ለቀቅሁት። ጥሩ ጥላ ወጣው። ወደ መካ የዞረው ሳላስበው ነው።

ማዳም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሳሎኑ መስኮት ታየኛለች፤ ማለት እኔን ሳይሆን እሷን። ነጭ ለብሳ ዛፍ ሥር ቆማ የምትሰግድ ሠራተኛ። አንድ ነገር ልታዘኝ ፈልጋለች፣ ግን ሰጋጅ አይጠራም። ጠበቀች። ሴትዮዋ አታጎነብስ፣ አትሰጅድ፣ ንቅንቅ አትል። ማዳም በልቧ መቼም ረጅም ሱራ ይዛለች ብላ ጠበቀች። ራሷን እያመማት፣ መስኮቱን ተደግፋ ጠበቀች። በመጨረሻ እኔ የተተኮሰ ልብስ ይዤ ከኋላዋ መጣሁና «ማዳም፣ ፈልገሽኝ ነው?» አልኳት።

እኔን አየች። ግቢውን አየች። ከዚያ ሶፋው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ያቺ ማን ናት?»

«አበባዋ።»

«እኔ ይህን ያህል ጊዜ አበባ ሰግዳ እስክትጨርስ ነው የጠበቅሁት?»

ምን ልበላት? ማዳም ግን ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር፣ ጾሟን እስክትረሳ ሳቀች። ይህን የምነግራችሁ ቀጥሎ የሆነውን ስትሰሙ ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ ነው።

የማዳም እህቶች አንድ ቀን ለአፍጥር መጡ። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሙሽሪትን ከበው «እንዴት ታምራለች፣ ይህ ቀይ እንዴት ያለ ቀይ ነው» ሲሉ አመሹ። ሻይ እያቀረብኩ ጆሮዬን ጣልኩ። ዓይን እንዳይነካት ማሻአላህ ያለች የለችም። «በሉ» ብዬ ላዛቸው ነው? ቅጠሉን በቀሚሴ ለመከለል ሞከርኩ፣ «ወዲያ በይ፣ ጋረድሽን» አሉኝ። በማግስቱ የቅጠሏ ጠርዝ ቡናማ ሆነ፣ በሳልስቱም እየገፋ ወደ መሃል ገባ።

ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ በሰፈራችን ምርቃቷ ይደርሳል የምትባል ሴት ናት። ላም ስትከሳ፣ ሕፃን ሲነጫነጭ፣ አዲስ ቤት ሲሠራ እሷን ነው የሚጠሩት።

«ዓይን ነው» አለች ሳትጠይቀኝ። «ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስልኩን አስጠጊልኝ።»

እንደተባልኩት አደረግሁ። ጎህ ሲቀድ ሰግጄ እንደጨረስኩ ግቢ ወጣሁ፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍቼ ለአበባዋ አቀረብኩላት። እናቴ ከወሎ ጀመረች። «አሏህ ያለምልምሽ። ሥርሽ ይጥለቅ፣ ቅጠልሽ ይስፋ። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። የልጄን መንገድ የምትከፍቺ ያርግሽ። አሚን በሉ።» አበባዋ አሚን ስለማትል እኔ አልኩላት። ቀጥሎ እንደ ደንቡ እናቴ እዚያ ሆና «እንትፍ፣ እንትፍ» አለች። ምራቁ ባሕር አይሻገርም። የምራቁን ሥራ እኔ ወክዬ ሠራሁ፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ መሃሉ ላይ።

ግቢው ውስጥ ካሜራ እንዳለ አውቃለሁ። ለሌባ ነው ብዬ ረስቼዋለሁ።

የዚያን ቀን ማዳም ሰላምታዬን አልመለሰችም። የልጇን ወተት ራሷ አፈላች። በአፍጥር ሰዓት ማዕዱ ቀረበ፤ ቴምር ተበላ፣ ውኃ ተጠጣ፣ ከሱቅ የመጣ ዳቦ ተበላ። የእኔን ሳምቡሳ ማንም አልነካም። በዚያ ቤት ሳምቡሳዬ ሳህን ላይ አድሮ አያውቅም። ሳህኑን እንደነበረ ወደ ኩሽና ስመልሰው ማዳም ተከትላኝ ገባች፣ ስልኳን ከፈተችና አሳየችኝ። እኔ ነኝ፤ ገና ባልነጋ ብርሃን፣ ስልክ ለአበባ ይዤ፣ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ስተፋ።

«ሲሕር ነው» አለች። ድግምት ማለቷ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር፤ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው። «ስልክሽን አምጪ። ለማማ ከቢራ ደውያለሁ፣ ከመካ መጥታ ታያለች። አበባዋ ጋ እንዳትደርሺ።»

ዓርብ ዓርብ ሰቢል ሰፈር የምንገናኝ ሴቶች፣ ስለ ደሞዝም ስለ ባልም ጮኸን ነው የምናወራው፤ ይህቺን ቃል ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምናነሣት። ሻንጣዋ ውስጥ ክታብ ተገኘባት የተባለች ልጅ ነበረች፣ የት እንደደረሰች ዛሬም የሚያውቅ የለም። የሚባረር ሰው የሚታጎርበት ሹመይሲ ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። በዚያ በኩል አገሩ የገባ ሰው ሻንጣም የለው፣ ሰርግም የለው። ፈራሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሐሊማን፣ እናቴን፣ ያንን ጢሙ ሊሸብት የደረሰ ምስኪን ሰውዬ ሳይቀር እያሰብኩ አለቀስኩ።

ከሁሉ የሚገርመው አበባዋ የደረሰባት ነው። ድግምት አለባት ተብላ ማንም የማይቀርባት ሆነች። ባባ፣ የማዳም ባል፣ በኋላ በር መውጣት ጀመረ። የሶላት ልብሴን ከላይዋ የሚያነሣ ቢጠፋ በረጅም እንጨት ገፍፈው ጣሉት። ውኃ የሚሰጣት የለም፣ የሚጋርዳት የለም። እኔ በኩሽናው መስኮት አያታለሁ። ቀትር ላይ እንደ ልማዷ ወደቀች። አዛን ተባለ፣ ሁሉም አፈጠረ። እሷ አልተነሣችም።

ማማ ከቢራ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሳሎን ተቀመጡ፣ ማዳም ስልኩን ሰጠቻቸው፣ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አዩት። መነጽራቸውን አስመጥተው ደግመው አዩት።

«ምን እያልሽ ነበር?» አሉኝ።

«ዱዓ ነው ማማ።»

«በይው እስቲ።»

በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛዬ አልኩት። አሏህ ያለምልምሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ስለ መንገዴ የተባለውን አፍሬ ዘለልኩት።

«ስልኩ ውስጥ ያለችው ማን ናት?»

«እናቴ።»

«ደውይላት።»

ማዳም ስልኬን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። ደወልኩ። እናቴ ስታነሣ ሩቅ ስለሆንን ትጮኻለች፤ «አበባዋ ተነሣች?» የሚለው ድምፅዋ ሳሎኑን ሞላው። ማማ ከቢራ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ።

«የማዳም አማት ናቸው፣ ከመካ መጥተው» አልኳት በአማርኛ።

መካ የሚለውን ስትሰማ እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እሷ የምታውቀው ዓረብኛ የሶላትና የዱዓ ብቻ ነው፣ ማማ ከቢራ ደግሞ አማርኛ ዘር ማንዘራቸው አያውቅም። ቢሆንም ተግባቡ። ማማ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ እናቴ ከወሎ አሚን አለች። እናቴ በተራዋ መረቀች፣ ማማ አንድ ቃል ሳይገባቸው አሚን፣ አሚን አሉ። በመጨረሻም እናቴ እንደ ደንቧ በስልኩ ውስጥ «እንትፍ፣ እንትፍ» አለች። ማዳም ከመቀመጫዋ ተነሣች። ማማ ከቢራ ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና፣ እሳቸውም በተራቸው፣ «እንትፍ፣ እንትፍ»።

ቀና ብለው ምራታቸውን አዩዋት። «ልጅሽን ትኩሳት ሲይዘው ቁርአን አንብቤ ምን አደረግሁበት?»

«እፍ አሉበት» አለች ማዳም።

«እፍ ብቻ?»

የማዳም ፊት ሙሽሪት ደህና በነበረችበት ጊዜ የነበራትን ቀይ መልክ ያዘ። ማማ ከቢራ የቀረበላቸውን ቀዝቃዛ ሳምቡሳ አይተው፣ ከአፍጥር በኋላም ስለነበር፣ አንዱን አንሥተው በሉ።

«አሁን አበባዬን አሳዩኝ።»

ሁላችንም ተከትለናቸው ወጣን። ከኒሙ ሥር የቆመው ደረቅ እንጨትና የተጨማደደ ቅጠል ነው። ማማ በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፣ አፈሩን ነካ አደረጉት። ማዳም እኔን አየች፣ እኔ መሬት አየሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ማማ ከቢራ። «ከጧኢፍ በመጣሁ ቁጥር አንድ እገዛለሁ። ዛሂር ወስጄ እተክላታለሁ፣ ቀትር ላይ ትወድቅብኛለች፣ ዒድ ሳይደርስ ትሞትብኛለች። እጄ ነው ወይስ አገሩ እያልኩ ስጨነቅ ኖሬያለሁ። አገሩ ነው። እጄ ደህና ነው።» እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ እርካታቸው ያስቀና ነበር።

ከዚያ ለማዳም «ልጅቷን ላኪያት» አሏት። «እናቷ ጠይቃኛለች፣ እኔም እሺ ብያታለሁ።»

«ቋንቋዋን አያውቁትም እኮ። ምን ብላ ጠየቀችዎ?»

«ምን ትላለች? እናት አይደለችም?»

ሁለቱንም የምሰማ እኔ ነኝና እውነቱን አውቀዋለሁ። እናቴ ለአገሩ ዝናብ ለምናለች፣ የማማን ጉልበት መርቃለች፣ የማዳምን ልጆች መርቃለች፣ ስለ ጎረቤታችን ላም ሳይቀር አንሥታለች። ስለ እኔ ኢጃዛ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህን ላርም? ወላሂ ዝም አልኩ።

ሐሊማን ዳርኳት። ሙሽራው ጢሙን ተላጭቶ ነው የመጣው። ስመለስ ኒሙ ተመልሶ አረንጓዴ ለብሷል፣ ከሥሩም አዲስ ቀይ አበባ ቆማለች። ማማ ከቢራ አምጥተውላት ነው፤ «አሁን ደግሞ ያንቺን እጅ እንፈትን» ብለው ለማዳም ሰጥተዋታል። ሌላም የተለወጠ ነገር አየሁ። ካሜራው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ነፋስ ነው» አለችኝ ማዳም።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ኩሽና ስገባ በመስኮቱ አየኋት። ማዳም የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች አበባዋ ፊት ቆማለች። ግራ ቀኝ አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጎንበስ አለችና፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ምራቁን አብዝታዋለች፤ እናቴ ብታያት እጇን ይዛ ታስተምራት ነበር። እኔም ወጥቼ ላሳያት አሰብኩና ተውኩት። ሻዩን ጥጄ፣ መስኮቱን ተደግፌ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።